ውሻ ይዞ ከለንደን መውጣት፦ ጫካው፣ የጠመኔው ገደል ወይስ ጠጠሩ ባሕር ዳር?

እናቴ ከአዲስ አበባ ልትጠይቀን የመጣች ሰሞን ነው። ውሻችንን ቡቺን ይዘን በእግር ወጣን። መንገድ ላይ የጫማዋ ክር ተፈታና ልታስረው ጎንበስ አለች። ከፊት ለፊታችን የማናውቀው ሰው ውሻ ይመጣ ነበር። ጎንበስ ስትል ሲያያት በሩጫ መጥቶ ጉንጯን ላሳት።

"ኧረ በስመአብ! ይሄ ደግሞ አይሸሽም እንዴ?"

እኛ አገር ውሻ ፊት ጎንበስ ማለት ድንጋይ ማንሳት ነው። ውሻውም ያውቃል። እጃችሁ መሬት ሳይነካ እሱ አጥሩን ዞሯል። የዚህ አገር ውሻ ግን ጎንበስ ያለ ሰው ሲያይ "ና ልዳብስህ" የተባለ ነው የሚመስለው። እናቴ ፊቷን በነጠላዋ ጠርጋ "ልክፍት የለበትም?" አለችኝ። የለበትም አልኳት። የእብድ ውሻ በሽታ ከእንግሊዝ ውሾች ከጠፋ ብዙ ዘመን ሆኖታል። አላመነችኝም።

ብዙዎቻችን ያደግነው ውሻ ግቢ ጥግ ታስሮ ሌሊት ሲጮኽ እየሰማን ነው። እዚህ መጥተን ግን በልጆቻችን በኩል ሳሎን ገባ፣ ሶፋ ላይ ወጣ። አሁን ደግሞ ቅዳሜ በመጣ ቁጥር "የት እንውሰደው?" ሆነ ጥያቄው። ለንደን ላለ ሰው አማራጩ ብዙ ነው። በባቡር ደርሶ መልስ የሚኬድባቸውን፣ እኔ ራሴ ከቡቺ ጋር የረገጥኳቸውን ስድስቱን ላወዳድርላችሁ። ቡቺ ኮከር ስፓንኤል የሚባል ዝርያ ነው። 14 ኪሎ ይመዝናል፣ የሚንቀሳቀስ ነገር ሁሉ ያሳድዳል። ፍርዴን ስታነቡ ይቺን ያዙልኝ።

አስቀድሜ አንድ ነገር። አብዛኛው ሰው በበጋ ባሕር፣ በብርድ ጊዜ ጫካ ይሄዳል። ውሻ ላለው ሰው ተቃራኒው ነው የሚሻለው። በበጋ ብዙ የባሕር ዳርቻ ለውሻ ይዘጋል፤ ብዙ ቦታ ክልከላው ከሜይ 1 እስከ ሴፕቴምበር 30 ነው። ድንጋዩም ይግላል፣ ጥላም የለም። ጫካው ደግሞ በብርድ ጊዜ ጭቃ ነው፣ በበጋ ግን ጥላ ነው። በጋ ስል የእነሱን ሰመር ማለቴ ነው። ወሩንም በፈረንጁ የምጠራው ሰሌዳው ላይ የሚጻፈው እንደዛ ስለሆነ ነው። ባሕር ዳር ስላችሁም ጣናን እንዳታስቡ።

ኤፒንግ ጫካ፦ ለጀማሪ

አዲስ ውሻ ካላችሁ ከዚህ ጀምሩ። ከሊቨርፑል ስትሪት ቺንግፎርድ ግማሽ ሰዓት ያህል ነው። ወይም ከመሬት በታች በሚሄደው ባቡር በሴንትራል መስመር ላውተን ትወርዳላችሁ። ጫካው ከምሥራቅ ለንደን ጀምሮ ወደ ሰሜን 19 ኪሎ ሜትር ያህል ይዘረጋል፣ ስፋቱ 2,400 ሄክታር ግድም ነው። ለንደን እየሰፋች ስትመጣ ሊታጠርና ቤት ሊሠራበት ነበር። በ1878 በወጣ ሕግ ነው የተረፈው። እስከ ዛሬ የሚጠብቀው የሲቲ ኦፍ ለንደን አስተዳደር ነው።

ዛፎቹን ልብ ብላችሁ እዩ። ግንዱ ከሰው ቁመት ትንሽ ከፍ ብሎ ያብጥና እንደ እጅ ጣቶች ይበታተናል። የአካባቢው ሰው ከብት በማይደርስበት ከፍታ ላይ እየቆረጠ ለማገዶ ይወስድ ስለነበር ነው። ያ መብት በዚያው ሕግ ቆመ። የተቆረጡት ቅርንጫፎች ከዚያ ወዲህ ያለ ከልካይ አድገው ነው እንዲህ የወፈሩት። ባሕር ዛፍ ተቆርጦ ከጉቶው ሲያቆጠቁጥ ላየ የአገራችን ሰው ነገሩ አዲስ አይደለም።

ለውሻ ያለው ጥቅም ግልጽ ነው። በአብዛኛው ክፍል ሲጠሩት የሚመጣ ውሻ ተፈቶ መሮጥ ይችላል። ገደል የለም። ጠፋ ቢባል እንኳ ዛፍ ለዛፍ ሲዞር ይገኛል። አንድ የሚያስደነግጥ ነገር አለ፣ ረጃጅም ቀንድ ያላቸው ላሞች። አጥር የላቸውም። አንገታቸው ላይ ያለው መሣሪያ በሳተላይት ቦታቸውን ያውቃል፣ ከክልላቸው ሊወጡ ሲሉ በድምፅ ያስጠነቅቃቸዋል። ለእናንተ ግን ትርጉሙ "አጥር ስላላየሁ ከብት የለም" ማለት አትችሉም ነው። ኩርባውን ስትዞሩ ፊት ለፊት ትጋጠማላችሁ። ቡቺ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያያቸው ከእግሬ ሥር ገብቶ ተንቀጠቀጠ። ጀግና!

ከኖቬምበር እስከ ማርች ቦቲ ጫማ ከሌላችሁ አትሂዱ። አፈሩ ሸክላ ነው፣ ጫማ ይዞ ይቀራል። አንዴ ውሻውን አጥበን ስንጨርስ ገንዳውን ማጠብ ሌላ አንድ ሰዓት ወስዶብናል።

ሪችመንድ ፓርክ፦ ከአጋዘኑ ጋር ካልተጣላችሁ

ቅርብ ነው፣ ሰፊ ነው፣ 955 ሄክታር። ከሪችመንድ ጣቢያ በእግር ሩብ ቀን የሚያስኬድ መስሎ ይወራል እንጂ ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። ቀዳማዊ ቻርልስ በ1637 ለአደን ያሳጠረው ነው። ዛሬም ከ600 በላይ አጋዘን ይውሉበታል።

ችግሩም እሱ ነው። አጋዘኖቹ ከሜይ እስከ ጁላይ ይወልዳሉ። ያኔ እናት አጋዘን ውሻ ካየች መሸሽ ትታ ራሷ ታጠቃለች። በዚያ ወቅት ውሻ በገመድ መያዝ አለበት። በሴፕቴምበርና በኦክቶበር ደግሞ ወንዶቹ በሴት ይጣላሉ፣ ቀንዳቸው ቀልድ አያውቅም። በ2011 ፌንተን የሚባል ውሻ እዚህ ፓርክ አጋዘን እያሳደደ መኪና መንገድ ሲያቋርጥ፣ ባለቤቱም እየጮኸ ሲከተለው የሚያሳይ ቪዲዮ ዓለምን አዳርሶ ነበር። ያኔ ውሻ አልነበረኝም፣ ስቄ ሞቼ ነበር። አሁን ሳየው ሆዴ ይላወሳል።

የኔ ፍርድ፦ እርጋታ ላለው ውሻ ጥሩ ነው። ለአሳዳጅ ውሻ ከኤፒንግ አይበልጥም።

ቦክስ ሂል

እይታ በአጭር ጊዜ ለሚፈልግ ነው። ከለንደን አንድ ሰዓት በማይሞላ ባቡር ትደርሳላችሁ፣ ጣቢያው ኮረብታው እግር ሥር ነው። ከፍታው 224 ሜትር፤ እንጦጦን ለወጣ ሰው ጉብታ ነው። ደረጃው ግን ጉልበት ይፈትናል። ወንዙን እየረገጡ የሚሻገሩባቸው ድንጋዮች አሉ። ትንሽ ውሻ ካላችሁ አትታገሉ፣ ድልድዩ ቅርብ ነው። በ2012 ኦሎምፒክ የብስክሌት ውድድር ያለፈበት ጠመዝማዛ መንገድም እዚሁ ነው። እሑድ እሑድ በብስክሌተኛ ይሞላል፣ አስፋልቱ ጋ ስትደርሱ ገመዱን አሳጥሩ። ከዚህ በላይ የምለው የለኝም። ደህና ነው።

ሰቨን ሲስተርስ፦ ውበቱና መዘዙ

ልጄ ፎቶውን ስልኳ ላይ አሳየችኝና "እዚህ ካልሄድን" አለች። ነጭ ገደል፣ አረንጓዴ ሣር፣ ሰማያዊ ባሕር። ከለንደን በባቡር ሲፎርድ ወይም ኢስትቦርን ድረስ ነው። ከሲፎርድ እስከ ኢስትቦርን በሙሉ ከሄዳችሁ 22 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ ቀኑን ሙሉ ይወስዳል። መሃል ላይ አንድ ወንዝ አለ፤ ባሕር በሚገባበት ቦታ የሚያሻግር ድልድይ የለውም፣ ወደ ውስጥ ኤክሲት እስከሚባለው ቦታ ገብታችሁ መዞር አለባችሁ። ይህን ሳናውቅ ሄደን አንድ ሰዓት ከስረናል። ማሳጠር ከፈለጋችሁ 12 ቁጥር አውቶቡስ በብራይተንና በኢስትቦርን መካከል ይመላለሳል። ኤክሲት ወርዳችሁ ሰባቱን ጉብታ ወጥታችሁ ወርዳችሁ በርሊንግ ጋፕ ሻይ ትጠጣላችሁ።

አሁን ወደ መዘዙ። ገደሉ ጠመኔ ነው፣ ትምህርት ቤት ሰሌዳ ላይ የምንጽፍበት ዓይነት። ባሕሩ ከሥር ይበላዋል። ከላይ የምትቆሙበት ሣር ከሥሩ ባዶ ሊሆን ይችላል። አጥር የለውም። በርሊንግ ጋፕ ላይ በረድፍ ከነበሩት ቤቶች የቀሩት ጥቂት ናቸው፤ ገደሉ እየቀረበ ሲመጣ አንድ በአንድ ፈርሰዋል። ትንሽ አለፍ ብሎ ያለው ቢቺ ሄድ ከፍታው 162 ሜትር ነው። ውሻ ደግሞ ወፍ ይከተላል። ወፏ ገደሉን አልፋ በአየር ላይ ትሄዳለች፣ ውሻው ይህን አያሰላም። ስለዚህ እዚህ ገደል ላይ ቡቺ አንድም ደቂቃ አይፈታም።

ሁለተኛው በግ ነው። የደረሰብንን ልንገራችሁ፣ ጥፋቱ የኔ ነው። ኤፕሪል ነበር። የቡቺን የደረት ማሰሪያ አላልቼ ነበር ያሰርኩት፣ "እንዲመቸው" ብዬ። ከገደሉ ራቅ ብለን ወደ ውስጥ ስንመለስ አንድ የግጦሽ በር ከፍተን ገባን። ከሩቅ ነጫጭ ነገር ታየው። ወደ ኋላ አፈገፈገ፣ ጭንቅላቱን ዝቅ አደረገ፣ ማሰሪያው በጆሮው በኩል ሾልኮ ወጣ። እጄ ላይ ባዶ ገመድ ቀረ። ጮኽኩ። ልጄም ጮኸች። እሱ ጥሪያችንን እንደ "በርታ" ነው የሰማው። በጎቹ አንድ ላይ ተጠቅልለው ወደ አጥሩ ጥግ ሸሹ። አንዷ ወደቀች፣ ተነሳች።

ገበሬው ሲመጣ ቡቺ ደክሞት ምላሱን አውጥቶ ተኝቶ ነበር። ሰውየው አልጮኸም። ቢጮህ ይሻለኝ ነበር። ቀስ ብሎ "ሊወልዱ የደረሱ ናቸው" አለኝ። ያረገዘች በግ ባትነከስም እንኳ ከመሯሯጥና ከድንጋጤ ብቻ ልታስወርድ ትችላለች። ውሻ ከብት እንዳያሳድድ የሚከለክለው ሕግ የ1953 ነው። ገበሬ ሌላ መንገድ ካጣ ከብቱን ለማዳን ውሻውን ተኩሶ ቢገድል ሕግ የሚከላከልለት ሁኔታም አለ። ይህን ቤት ገብቼ ሳነብ እጄ ተንቀጠቀጠ።

ከዚያ ወዲህ ማሰሪያውን ሁለት ጣት ብቻ እስኪያስገባ አጠብቃለሁ። በግ ያለበት ማሳ ሲሆን ደግሞ ገመዱን የደረት ማሰሪያውም የአንገት ቀለበቱም ላይ አያይዛለሁ።

ሕጉን በአጭሩ ልንገራችሁ። ለሕዝብ ክፍት በሆነ ሜዳና ኮረብታ ላይ ከማርች 1 እስከ ጁላይ 31 ውሻ ከሁለት ሜትር ባልበለጠ ገመድ መያዝ አለበት፤ መሬት ላይ ጎጆ የሚሠሩ ወፎች የሚፈለፍሉበት ጊዜ ነው። ከብት ባለበት ደግሞ ዓመቱን ሙሉ። ነገር ግን ላም ብታሳድዳችሁ ገመዱን ልቀቁት። የምታሳድደው ውሻውን ነው፣ እሱ ሮጦ ያመልጣል፣ እናንተ አታመልጡም። ይሄ ምክር ለጆሮ ይከብዳል፣ ግን የአገሩ ይፋዊ መመሪያ ነው።

እናም ሰቨን ሲስተርስ? ሂዱ። ግን ውሻችሁን ለማስሮጥ ብላችሁ አይደለም። ለእናንተ ዓይን ብላችሁ ሂዱ፣ እሱ ይሸኛችሁ። ጊዜውም ከሴፕቴምበር መጨረሻ በኋላ፣ ነፋስ የሌለበት ቀን ይሁን።

ዶቨር፦ ትንሿ እህት

ያው ነጭ ገደል ነው፣ ያነሰ ድካም አለው። ከሴንት ፓንክራስ በፈጣኑ ባቡር አንድ ሰዓት ከምናምን ነው። ገደሉ ላይ ወጥታችሁ ወደ ሳውዝ ፎርላንድ ትሄዳላችሁ፣ በ1843 የተሠራው፣ ለመርከቦች መብራት ያሳይ የነበረው ነጭ ማማ እዚያ አለ። ወደቡ ከሥራችሁ ነው። ትልልቅ መርከቦች ሲገቡና ሲወጡ ልጆች አይሰለቻቸውም። ሰማዩ ከጠራ ፈረንሳይ ትታያለች። ስልካችሁም አንዳንዴ "ወደ ፈረንሳይ እንኳን ደህና መጡ" የሚል መልእክት ይደርሰዋል፤ ሒሳብ እንዳይቆጥርባችሁ ዳታውን አጥፉ።

ሣሩን የሚግጡት ፈረሶች ናቸው፣ ኤክስሙር የሚባሉ አጫጭር ቡናማ ዝርያዎች። ስለዚህ እዚህም ገመድ ነው። ከሰቨን ሲስተርስ የምመርጠው ልጆች ሲኖሩ ነው። መንገዱ ያጥራል፣ የደከመው ከመሃል ይመለሳል።

ዊትስተብል፦ እናቴ የመረጠችው

ሽማግሌ፣ ሕፃን፣ ጉልበት የሚያመው ሰው ካለ ሌላውን ሁሉ ተዉትና ዊትስተብል ሂዱ። ከለንደን አንድ ሰዓት ከሃያ ያህል ነው። ሜዳ ነው። ገደል የለም፣ በግ የለም፣ አጋዘን የለም። ከከተማው በታንከርተን አድርጋችሁ እስከ ኸርን ቤይ ድረስ ባሕሩን ተከትላችሁ መሄድ ትችላላችሁ። ስምንት ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። ሲደክማችሁ ኸርን ቤይ ላይ ባቡር ትይዛላችሁ።

ባሕሩ በየቀኑ እንደሚያደርገው ሲሸሽ ታንከርተን ላይ ከጠጠር የተሠራ ረጅም ምላስ ውሃው መሃል ይወጣል። "ዘ ስትሪት" ይሉታል። ቡቺ ግራና ቀኙ ውሃ የሆነ መንገድ ላይ ሲሮጥ ማየት ነው! እናቴ እንኳ ጫማዋን አውልቃ ትንሽ ገባች። ግን ባሕሩ የሚመለስበትን ሰዓት ሳታዩ አትግቡ፣ አካባቢው ኃይለኛ የውሃ ጉተታ ስላለው ዋናም አይመከርም። ከተማው ኦይስተር በሚባል ባለ ዛጎል የባሕር ምግብ የታወቀ ነው። ዛጎሉ ዳርቻው ላይ ይበታተናል፣ ጠርዙ እንደ ምላጭ ነው፣ የውሻ መዳፍ ይቆርጣል። ቤት ስትገቡ መዳፉን እዩለት።

በበጋ ለውሻ የሚዘጉ ክፍሎች አሉ። አንዱ ዳርቻ ተዘግቶ ጎረቤቱ ክፍት ሊሆን ይችላል፣ ሰሌዳውን አንብቡ። ከኦክቶበር በኋላ ግን ዳርቻው የውሻ ሠርግ ነው። ማንም ማንንም አያውቅም፣ ሁሉም ይሯሯጣል።

የባሕር ውሃ ግን እንዳይጠጣ። ይጠማዋል፣ ይጠጣል፣ ያስመልሰዋል፣ ሲበዛ ጨዉ ይጎዳዋል። የራሱን ውሃ ከቤት ያዙለት።

ባቡር፣ ምሳና መዥገር

ባቡር ላይ ለውሻ አይከፈልም። አንድ ተሳፋሪ እስከ ሁለት ውሻ በነፃ ይይዛል፣ በገመድ እስከሆነ ድረስ። ከመሬት በታች የሚሄደው ባቡርም ይፈቅዳል፣ ተንቀሳቃሹ ደረጃ ላይ ግን መዳፉ እንዳይያዝ ተሸከሙት። 14 ኪሎ ቡቺን እንደ ጤፍ ከረጢት ትከሻዬ ላይ ጥዬ ስወርድ የሚያየኝ የአገሬ ሰው እንዳይኖር እጸልያለሁ።

ምሳ። እኛ ሰዎች ለሽርሽር ዶሮ ወጥ ጠቅልለን መውጣት እንወዳለን። አገር ቤት ትርፍራፊው ለውሻ ነበር፣ እዚህ ግን እንዳትሰጡት። ሽንኩርት ለውሻ መርዝ ነው፣ የዶሮ ወጥ ደግሞ ግማሹ ሽንኩርት ነው። የተቀቀለ የዶሮ አጥንትም ተሰንጥቆ አንጀት ይወጋል። ዘቢብ የተቀላቀለበት ቆሎም አይሆንም።

ካካውን አንሱ። ቅጣቱን ብቻ ፈርታችሁ አይደለም። ላም የሚያስወርድ ጥገኛ ተሕዋስ በውሻ ዓይነ ምድር ወደ ግጦሹ ይገባል። አንስቶ ከረጢቱን ዛፍ ላይ የሚሰቅል ሰው አለ፣ እሱን በተመለከተ እዚህ የሚጻፍ ቃል የለኝም።

ሣር ውስጥ ከዋላችሁ ማታ መዥገር ፈልጉ። ጆሮው ውስጥ፣ ብብቱ ሥር፣ ጣቶቹ መሃል። በጥፍር አትፈንክቱት፣ ለዚሁ የሚሸጠውን መንቀያ አስገብታችሁ አዙራችሁ ንቀሉት። ለሰውም የሚተርፍ በሽታ ስለሚያስተላልፍ ራሳችሁንም እዩ። የዚህ አገር መርዘኛ እባብ እፉኝት ብቻ ነው፣ በጸደይ ፀሐይ ሲሞቅ ቁጥቋጦ ሥር ይገኛል። ውሻችሁን ከነደፈው አታስኬዱት፣ ተሸክማችሁ ወደ ሐኪም።

አንገቱ ላይ የእናንተ ስምና አድራሻ ያለበት ምልክት ይኑር፣ ሕግ ነው። ከቆዳው ሥር የሚገባው መለያ ቺፕም ከ2016 ጀምሮ ግዴታ ነው።

ይህን ስጽፍ ኦክቶበር ገብቷል። ልጄ ዶቨር ትላለች፣ እኔ ዊትስተብል። እናቴ ከአዲስ አበባ ደውላ "ያ ውሻ ደህና ነው?" አለችኝ፣ እኛን ከመጠየቋ በፊት። ቅዳሜ ባሕሩ የሚሸሽበትን ሰዓት አይተን እንወስናለን።